በፈቃድ የቆመ ማኅበር

ንግድ ለትርፍ፣ ምጽዋት ለጽድቅ ነው ተብሎ ሁለቱ በየፊናቸው ሲኖሩ ቆይተዋል። ዳሩ ግን ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው፣ ይኸውም እየነገደ ትርፉን ለማኅበረሰብ ጥቅም የሚያውለው ድርጅት፣ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። የእነዚሁ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ጉባዔ በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መደረጉ ይታወሳል። ስለዚህ ጉዳዩ እኛንም ነጋዴዎችን የሚመለከት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ድርጅት ሕዝቡን በምን መንገድ ተባባሪው ሊያደርግ እንደሚችል መመርመር ይገባናል።

ለዚህ ምርመራ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። አንበሳሜ ዋና ከተማዋ የሆነችው የደራ ወረዳና ጎረቤቷ ፎገራ ሁለት ትምህርት ይሰጡናል።

አንደኛው የሩዝ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ረዳትነት፣ በደራ በጅግና፣ በፎገራ በሻጋ፣ በገበሬዎች አምራች ማኅበራት ውስጥ የሩዝ እርሻ ተጀመረ። የዚያ ዘመን አምራች ማኅበራት የቆሙት ከላይ በወረደ መመሪያ ነበር። ስለዚህም በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ታውጆ ገበሬው ወደ ግል እርሻው እንዲመለስ በተፈቀደለት ጊዜ፣ በአገሪቱ አብዛኞቹ ወዲያው ፈረሱ። ሩዙ ግን አልጠፋም። ገበሬው ጥቅሙን በዓይኑ አይቶ ስለ ነበር በየማሳው ይዞት ቀረ፤ ዛሬ የፎገራ ሩዝ የታወቀ የንግድ ዕቃ ሆኗል።

ሁለተኛው በፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። በዚያ ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንዱም እንጀራ ይጋግራል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በማኅበሩ ይጦራሉ። የእርሻ መሬታቸው ጠባብ ስለ ሆነ አባላቱ ወደ ሽመና፣ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። ኑሯቸው ከአካባቢው ልማድ የተለየ በመሆኑ ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ተመልክተዋቸዋል፤ በደርግ ዘመንም ከቀያቸው ተሰደው ኖረው ተመልሰዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማኅበሩ አልፈረሰም፤ አባላቱ የገቡበት በገዛ ፈቃዳቸው ነውና። ወፍጯቸውም ለጎረቤት ጭምር ይፈጫል። እህሉን ለማስፈጨት የመጣ ገበሬ የእነርሱን አኗኗር ማንም ሳይሰብከው ያያል፤ ይቀበለው ወይም ይተወው ዘንድ ፍርዱ የራሱ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን ወዶ ካልያዘው፣ ዘወር ሲሉለት ይጥለዋል። ሕዝብን እለውጣለሁ የሚል ድርጅትም ሕዝቡን አስቀድሞ ሊጠይቀው፣ ገቢና ወጪውን በግልጥ ሊያሳየው፣ ካልወደደም የመተው መብቱን ሊያከብርለት ይገባል።

ከእኛ መካከል «እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በእርዳታ ገንዘብ ዕቃ አርክሰው ሱቃችንን ያዘጉብናል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በእርዳታ ብቻ የሚቆም ድርጅት እርዳታው ሲቋረጥ ይዘጋል፤ እስከዚያው ድረስ ግን ግብር ከፋዩን ባለ ሱቅ ከገበያ ያስወጣል። ስለዚህ ሸቀጡን በተገቢ ዋጋ ሸጦ፣ ወጪውን ከገቢው ሸፍኖ የሚያድር ድርጅት ብቻ በንግድ ስም ሊጠራ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ከተገኘ ግን እኛም ድርሻ አለን። ባለ ሱቁ የሸማኔውን ጋቢና የገበሬውን ሩዝ በትክክለኛ ሚዛንና መለኪያ ተቀብሎ ሒሳቡን በዕለቱ ይክፈል። ወደ ውጭ የሚልከውም ነጋዴ ገዢዎቹ የሚፈልጉትን ጥራትና መጠን ለአምራቹ አስቀድሞ ይንገረው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ደህና ንግድ ነው። ዛሬ በአግባቡ የተከፈለው ሸማኔ ነገ ጨውና ሳሙና ሊገዛ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳልና።