ዲገሉ የወደቀበት መኸር

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የግንድ ዋግን የሚቋቋም ዘረመሉ የተለወጠ (ልውጥ) ስንዴ በአርሲ እንዲሞከር ስለመጠየቅ

ዲገሉ በ1997 ዓ.ም. የተለቀቀ የዳቦ ስንዴ ዝርያ ነው። በ2002/03 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን ዝርያዎች ከጎዳ በኋላ የአርሲና የባሌ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ቢጫ ዋግንም፣ በኡጋንዳ ተገኝቶ ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበርና። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ይኸው ዝርያ በግንድ ዋግ ተመታ። የምርቱ ጉዳት ወደ መቶ በመቶ ተጠጋ። ለመኸሩ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ቤተሰብ ያን ዓመት ከምን ሊከፍል ይችል እንደነበር ማስላት አያስቸግርም።

ማስረጃው በመዝገብ አለ። ከወረርሽኙ አካባቢ 64 ናሙናዎች ተሰብስበው 106 የዋግ ንጥሎች ተመርምረዋል። ዋናው አጥፊ ቲኬቲቲኤፍ የተባለ የዋግ ዘር ነበር፤ ወረርሽኙ ከተስፋፋ በኋላ ከባሌና ከአርሲ በተወሰዱ 31 ናሙናዎች ብቻውን ወይም በብዛት የተገኘው እርሱ ነው። ዩጂ 99 በ15 ናሙናዎች ቢታይም በጥቂቱ ነበር። ሁሉም በዩጂ 99 ላይ ዓይኑን ተክሎ ሳለ ጥፋቱ በሌላ በኩል ገባ። ዲገሉ በግንድ ዋግ ላይ በዋናነት የተመካው ኤስአር ቲኤምፒ በተባለ አንድ ዘረመል ነው፤ በአንድ መቀርቀሪያ የተዘጋ በር ነበር። ባለሥልጣኑ ይህን ሁሉ እንደሚያውቅ አይጠረጠርም፤ የሚያስቆጣውም ይኸው ነው።

በርካታ መከላከያ ዘረመሎችን በአንድ ዝርያ ውስጥ በማዳቀል ማከማቸት ይቻላል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ዘረመሎቹም በሚቀጥለው ማዳቀል ይበታተናሉ። የዘረመል ምህንድስና ይህን ችግር ያቃልላል። በ2013 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን አምስት የግንድ ዋግ መከላከያዎችን፣ ማለትም ኤስአር 22ን፣ 35ን፣ 45ን፣ 50ንና 55ን፣ በአንድ ላይ አጣምሮ ስንዴ ውስጥ ማስገባቱን አሳትሟል። አምስቱ አብረው ይወረሳሉ፤ ምንጫቸውም ስንዴ ራሱ፣ የስንዴ ዘመዶችና አጃ መሰሉ ራይ ናቸው። ዋጉ እንዲህ ያለውን ስንዴ ለማሸነፍ አምስቱንም መስበር ይኖርበታል። በአርሲ ደጋ ይሠራል አይሠራም የሚለው ግን በአርሲ ደጋ ካልተሞከረ አይታወቅም።

ሕጉ አለ፦ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፣ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 የተሻሻለው። በዚሁ ሕግ መሠረት ተባይን የሚቋቋመው ልውጥ የቢቲ ጥጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለምርት ተፈቅዷል፤ ለበቆሎም በተከለለ ማሳ ሙከራ ተፈቅዷል። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2020 ድርቅን የሚቋቋም ልውጥ ስንዴ አጽድቃለች። ስለ ግንድ ዋግና ስለ ስንዴ ምን እንደታሰበ ለአርሲ ገበሬ ማን ነገረው? ልውጥ ዘርን የሚፈራ ሰው ስጋቱ ሊደመጥ ይገባል፤ ኢትዮጵያ የፓስታ ስንዴ ብዝኃነት መገኛ ናትና፣ ልውጡም ከሀገር በቀሉ ጋር ሊዳቀል ይችላልና። ስንዴ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል መሆኑ ስጋቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ለዚህም መልሱ ጥብቅ ሙከራ ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ አምስቱን መከላከያዎች በያዘው ስንዴ ላይ የተከለለ ማሳ ሙከራ በቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲካሄድ መንገዱን እንዲከፍት በአክብሮት ይጠየቃል። የሚቀርቡለት ማመልከቻዎች ሁሉ፣ የተፈቀዱትም የተከለከሉትም፣ ከነምክንያታቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ይገለጡ። ውሳኔ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ ይቀመጥ። ገበሬው ያመረተውን ዘር መልሶ የመዝራት መብቱ ከማንኛውም የባለቤትነት ጥያቄ በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥለት። የሀገር በቀል ስንዴዎች ማሳ በካርታ ተለይቶ ይጠበቅ። የዋግ ናሙና ውጤት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ በጊዜው ይድረስ። አንድ ዝርያ ብቻውን የአንድን ዞን ማሳ ከመሸፈኑ በፊት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ፣ ለውድቀቱም ተጠያቂ የሚሆን አካል በስም ይታወቅ። በ2006 ዓ.ም. ሰብሉ ለወደመበት ገበሬ ምን እንደተደረገለትም ሒሳቡ ለሕዝብ ይቅረብ።

ከጎበሳ፣ አርሲ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት
ለቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል
ስንዴ ለሚዘራውና ለሚበላው ሕዝብ