«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

እንደሚታወቀው የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ውኃ አብዛኛው የሚያልቀው ግን በትነት ነው። ውኃ ሲተን ኒኬል አብሮ አይተንም። ከዐለት መሸርሸር፣ ከተጣለ ባትሪ ወይም ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣው በውኃው፣ በደለሉ ወይም በሕያዋኑ አካል ይቀራል። የሐይቁን ዓሣ የሚመገበው ደግሞ የሐይቅ ዳር ነዋሪ ብቻ ሳይሆን የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪም ጭምር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ዛሬ ኒኬል ምን ያህል ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነውን?» የሚለው ነው።

ለዚህ ልኬት በብዛት የሚያገለግለው የአቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር ሲሆን፣ ዘዴውን በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1955 አቅርቦታል። ናሙናው በነበልባል ውስጥ ተረጭቶ ወደ ነጠላ አቶሞች ይለወጣል። የኒኬል አቶሞች 232 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይውጣሉ፤ የተዋጠው ብርሃንም የኒኬሉን መጠን ይነግረናል። ይሁን እንጂ ኒኬል በሌለበት ውኃም ቢሆን የመሣሪያው ንባብ ይዋልላል። ከዚህ መዋለል በግልጽ ያልበለጠ ምልክት ኒኬል ነው ለማለት አይቻልም። ይህ ድንበር ዝቅተኛ የመለየት ወሰን ይባላል፤ በተለምዶም ኒኬል የሌለበት ባዶ ናሙና ተደጋግሞ ተለክቶ የንባቡ መደበኛ ልይይት በ3 ተባዝቶ ይሰላል።

እንበልና የመሣሪያችን ወሰን በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። አንድ ተመራቂ ተማሪ ለክቶ «አልተገኘም» ብሎ ጻፈ፤ ወሰኑን ግን አልጠቀሰም። ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ በተሻለ መሣሪያ 15 ማይክሮግራም አገኘ። ኒኬሉ ጨመረ ወይስ ድሮም ነበረ? ማንም ሊመልስ አይችልም።

ጉዳዩ የመጠጥ ውኃንም ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 70፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 20 ማይክሮግራም ኒኬልን እንደ ጣሪያ ይዘዋል። በ30 ወሰን የተገኘ «አልተገኘም» ለመጀመሪያው በቂ መልስ ነው፤ ለሁለተኛው ግን መልስ አይደለም።

«ዘመናዊ መሣሪያ የለንም» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። እኛ ግን ችግሩ የመሣሪያ ብቻ ነው ብለን አናምንም። «አልተገኘም» በሚለው ፈንታ «ከ30 በታች» ብሎ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ኒኬሉ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ናሙናውን በናይትሪክ አሲድ ፒኤች ከ2 በታች ማድረስ፣ ንጹሕ ውኃም በተመሳሳይ ጠርሙስና በተመሳሳይ አሲድ ይዞ ሄዶ እንደ ባዶ ናሙና መለካት ከጥንቃቄ በቀር ብዙ ወጪ የለውም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሐይቁ መጠበቁን የሚመሰክረው ግን የዓመታት መዝገብ ነው። ስለሆነም ውድ ተማሪዎች፣ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ወሰኑን፣ ቀኑንና የናሙናውን ስፍራ አስፍሩ። ከእናንተ በኋላ የሚለካው ተማሪ መነሻ የሚያደርገው የእናንተን ቁጥር ነውና።