ስለ መኪናና ስለ ሸክላ

ባለፈው ክረምት ከደብረ ኤልያስ ተነሥቼ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት በሰነበትሁበት ጊዜ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትን ለማየት ዕድል አጋጠመኝ። ይህ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተብሎ የቆመ ሲሆን፣ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ተመርቋል። ስለ ሕንጻው ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔን ግን ያቆሙኝ የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ናቸው።

አጎቴ በሾፌርነት ሥራ ያረጁ ሰው ስለ ሆኑ መኪኖቹን ጎንበስ እያሉ ከጎማቸው ጀምረው ያዩ ነበር። ስንወጣ፣ «መልኩንስ አየን፤ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ቢያሳዩን ምን ነበረበት?» አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

የመጀመሪያውን መኪና በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ጥቂት ዘግይቶ ደግሞ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ገባ። ንጉሡም መኪና ያለ ባለሙያ ብረት ብቻ መሆኑን ስለ ተረዱ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን ሙያውን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ተሰማም የመኪናውን ትምህርት ይማሩ እንጂ በትርፍ ጊዜያቸው ሌላም ሥራ ሠሩ፤ ግጥምና ዜማቸውን በዚያው በጀርመን በሸክላ አስቀረጹ። በሸክላ የታተመ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን የእርሳቸው ነው። እንግዲህ መኪናንና ሸክላን ያገናኘልን አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ክፍላችን ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ እንዳለ ብጠይቅ ሁለት ልጆች ብቻ እጃቸውን አወጡ፤ እነርሱም የሚያውቁት የኳሱን ሰው፣ ልጃቸውን ይድነቃቸው ተሰማን ነበር።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ አያስፈልግም ነበር። ዘፋኙ ወደ ትልቅ ቀንድ ሲዘፍን ድምፁ መርፌውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌውም በሰም ላይ ጠመዝማዛ መሥመር ይጭራል፤ ከዚያ ቅርጹ ወደ ሸክላው ይገለበጣል። ማጫወቻው ግራሞፎንም የሚዞረው በሞላ ነው፤ ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ አንዱ ፊትም በሦስት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። መሰንቆ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያድር ሰው ሦስት ደቂቃ ምን ይበቃዋል!

ከዚህም በፊት በፈረንጆች 1898 ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሰም ቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከው ነበር፤ እነርሱም በዚያው ዓይነት መሣሪያ መለሱ። የንግሥቲቱ ሰም እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ለንደን ይገኛል። እኛ የደብረ ኤልያስ ልጆች ሰም ሲባል ወርቁን መጠየቅ የለመድን ነን፤ የዚህ ሰም ወርቅ የራሳችን ንጉሥ ድምፅ ነው፤ ያለው ግን በባዕድ አገር ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ መኪና በቆመበት ሁሉ ድምፅም ይሰማ የሚል ነው። የተሰማ እሸቴ ዘፈን ከ100 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ 27ኛ ቁጥር ላይ እንደ ገና ወጥቷል፤ ለማግኘት አይቸግርም። ዝም ያለ መኪና ብቻ ያየ ተማሪ መብረቅረቁን አድንቆ ይወጣል እንጂ ማን እንደ ነዳው አይጠይቅም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ፣ «ለአሮጌ ብረት ቤት ከመሥራት የመጻሕፍት መደርደሪያ አይሻልም ወይ?» ሲል ሞገተኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ለጊዜው መልስ አጣሁ። ወደ ቤት ስገባ ግን አያቴ መለሱልኝ።

ወንድ አያቴ ነጋዴ ነበሩና ከደብረ ማርቆስ ግራሞፎን በበቅሎ አስጭነው አምጥተው ነበር። በበዓል ቀን ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ልጆች ሞላውን ለማጠንከር ይሻማሉ። ኋላ ሞላው ሲበጠስ ሸክላውን በጣታቸው እያዞሩ አዳመጡ፤ ዘፋኙ አንድ ጊዜ እንደ ሕፃን፣ አንድ ጊዜ እንደ ሽማግሌ ይጮህ ነበር ብለው አያቴ ሲነግሩኝ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሸክላው ተሰበረ፤ በሣጥኑም ዶሮ ታቀፈችበት። እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው መጣ። ሣጥኑን ተሸክሜ ከደጅ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በገንዘቡም ደብተር ተገዛልኝ። አያቴ፣ «የሚበላና የሚጻፍበት ሁልጊዜ ይቀድማል፤ እኔም ያኔ አልከለከልሁም። ነገር ግን ያ ዘፈን የማን እንደ ነበረ አሁን ብትጠይቀኝ የምነግርህ የለኝም» አሉኝ።

ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ቤት ይሠራ አላልሁም፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። ያረጀ ራዲዮ፣ የስፌት መኪና፣ የተሰበረም ቢሆን ሸክላ፣ ከአጠገቡም ባለቤቱ የሚያስታውሰው ታሪክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ወላጆችም ብረት ገዢው ሳይቀድመን ቆጥና ጓዳ ይፈትሹልን።

የግራሞፎኑ መዘውር ለብቻው ተጥሎ ስለ ነበር ከአልጋ ሥር አገኘሁት። ዝጓል፤ ግን ይዞራል። ሰኞ ይዤው እመጣለሁ።