ማሽኑ ቁም ሣጥን ከመግባቱ በፊት

 

ማንኮራፋት በየቤታችን የሣቅ ምንጭ ነው። ልጆች አባታቸው ተኝተው የሚያሰሙትን ድምፅ እያስመሰሉ ይሳሳቃሉ። እናትም «ወፍጮው ዛሬም ሲፈጭ አደረ» ብላ ትቀልዳለች። እኛም ለብዙ ጊዜ ከሣቂዎቹ ጋር ነበርን። አንድ በቅርብ የምናውቃቸው አባት ቤት የደረሰውን ካየን ወዲህ ግን ነገሩ አያስቀንም።

እኒህ አባት ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ የራሳቸውን የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ሐጂ ናቸው። ልጆቻቸውን ስላስተማርን የቤታቸው ሰው ሆነናል። ሐጂ ሌሊቱን ሲያንኮራፉ ያድራሉ። ድንገት ድምፁ ጥፍት ይላል። ባለቤታቸው በጨለማ ውስጥ ጸጥታውን ይቆጥራሉ፤ ሃያ ሲደርሱ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ያን ጊዜ እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጠው አየር ይስቡና ማንኮራፋቱ ይቀጥላል።

ሐጂ ለሱብሒ ሶላት ሁለት የደወል ሰዓት ይሞላሉ፤ አንዱንም አይሰሙትም። ጁምዓ ኹጥባ ሲጀመር ዓይናቸው ይከደናል። ይህም ስለከነከናቸው አንድ ቀን «ኢማኔ ደክሟል መሰለኝ» ብለው አማከሩን። እኛም በጊዜ እንዲተኙና ኢስቲግፋር እንዲያበዙ መከርናቸው። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ለሕመማቸው ግን መልስ አልነበረም። ከወራት በኋላ ከአዳማ ሲመለሱ በመሪው ላይ አንቀላፉ። ዓይናቸውን የገለጡት መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ሲንገጫገጭ ነው። አልሐምዱሊላህ ማንም አልተጎዳም። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሕመሙና መሣሪያው

ሐኪሞች ይህን ሕመም ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። አፕኒያ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ያለ ትንፋሽ መሆን ማለት ነው። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ከመላላትም አልፈው የአየር መንገዱን ይዘጉታል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ለአፍታ ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈትና መልሶ ይተኛል። ጠዋት ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመውና እንዳልተኛ ሰው እንደ ደከመ ብቻ ነው።

ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ወይም በጣም ሲቀንስ ይቆጠራል። በአንድ ሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ሐጂ አንድ ሌሊት በሽቦ ተጠላልፈው ተኝተው ሲመረመሩ በሰዓት 41 ጊዜ ተገኘባቸው። በ7 ሰዓት እንቅልፍ ሲሰላ ወደ 290 ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ የደም ግፊትን፣ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ይጎትታል። ብቸኛው ታማሚ እርሳቸው እንዳይመስሏችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች መካከል ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል።

ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው። አየርን በቱቦና በማስክ አድርጎ በተመጠነ ግፊት ያለማቋረጥ በመንፋት ጉሮሮው እንዳይከደን ደግፎ ይይዘዋል። ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ውጤቱን የጻፉት በአምስት ታማሚዎች ላይ ሞክረው ነው። ከዚያ በፊት ሕመሙ ለጠናበት ሰው የነበረው መፍትሔ አንገትን በስቶ የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ማሽኑ የሚሠራው በቫኪዩም ክሊነር ሞተር ነበር፤ ማስኩም በየሌሊቱ በአፍንጫ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍ ነበር። የዛሬው ማስክ አልመች ያለው ሰው ይህን ቢያስብ ጥቂት ይጽናናል።

ዘጠኝ ሌሊት

የሐጂን ማሽን አሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ላከችላቸው። ቤተሰቡ በሙሉ «ተገላገልን» አለ። ማሽኑ ግን የቆየው ዘጠኝ ሌሊት ብቻ ነው። ማስኩ አየር እያሾለከ ዓይናቸውን ያቃጥላል፤ አፋቸው ይደርቃል፤ መብራት ሲጠፋ የሚታፈኑ ይመስላቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን አፍረዋል። «እንግዳ ቢያየኝ ሊሞት የተቃረበ ሰው ይለኛል» አሉ። እኛም አላዋቂ ምክራችንን ጨምረን «ማሰሪያውን ጠበቅ ያድርጉት» አልናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ቁስል ወጣ። በአሥረኛው ቀን ማሽኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶች ሥር ገባ። ባለቤታቸውም ትራሳቸውን ይዘው ወደ ልጆቹ ክፍል ተመለሱ።

ይህ የሐጂ ስንፍና ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለማሽኑ መክፈሉን የሚቀጥለው፣ ታማሚው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀናት ቢያንስ በ70 በመቶው ሌሊት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀሙ ሲረጋገጥ ነው። ሐኪምና ቴክኒሺያን በሞላበት አገር እንኳ ጀምሮ መተው የተለመደ ስለሆነ ነው እንዲህ ያለ ደንብ የወጣው። ማሽኑ የሚለመደውም የሚጣለውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ሐጂን ያዳናቸው ለቅሶ ቤት ያገኟቸው አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሐጂ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ አይተው፦
«ሐጂ፣ ያንኮራፋሉ እንዴ?» አሏቸው።
«እህ፣ ምን አገኘህ ብለው ነው?»
«እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ጅዳ ስሠራ ነው ማሽን የታዘዘልኝ፤ ስድስት ዓመቴ ነው።»
«እኔ እኮ አልቻልኩትም።»
«እኔም አልቻልኩትም ነበር። ዛሬ ከዒሻእ በኋላ መጥቼ ልየው።»

መጡም። ሐጂን አስተኝተው፣ ማሽኑን ከፍተው፣ ማስኩን በተኙበት ለኩላቸው፤ ፊታችን ስንተኛ ቅርጹ ስለሚለወጥ ተቀምጦ የተለካ ማስክ ያሾልካል። ማሰሪያውን እኛ ካጠበቅንበት አላሉት። ካርቶኑ ውስጥ ማንም ያልነካው አነስ ያለ ልክ አገኙና ቀየሩት። ጢም ያለው ሰው አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ማስክ አልገጥም ካለው፣ በአፍንጫ ቀዳዳዎች ሥር ብቻ የሚያርፍ ዓይነት እንዳለ ነገሯቸው። ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያሳድገውን ቁልፍ አሳዩአቸው። ከዚያም «ቀን ቀን ሳይተኙ አድርገውት ሬዲዮ ያዳምጡ፤ ሌሊት ደግሞ ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ ሁለት» አሏቸው። በየማለዳው እየደወሉ የሚጠይቋቸው «ተመቸዎት ወይ?» ብለው አልነበረም፤ «ስንት ሰዓት ቻሉ?» ብለው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሐጂ ሌሊቱን ሙሉ አደሩበት። ባለቤታቸውም ትራሳቸውን ይዘው ተመለሱ። «አሁን ጸጥታውን አልቆጥርም» አሉን።

ማንን ምን እንጠይቅ?

ሐጂ ግፊቱ እንዲቀነስላቸው በጠየቁ ጊዜ ግን ልብስ ሰፊው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው» አሉ። ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል። ማስክን እንዴት እንደሚለምዱት፣ የአፍንጫ ቁስልን እንዴት እንደሚከላከሉ፣ ኀፍረትን እንዴት እንደሚያሸንፉ የሚነግረን ያለፈበት ሰው ነው። ሕመሙ መኖር አለመኖሩንና የግፊቱን መጠን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። የማሽኑ ግፊት ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ በሚባል መለኪያ ይስተካከላል፤ ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው አይበቃም። ዛሬ በስልክ ላይ ብዙ ምክር ስለሚገኝ ይህ መስፈርት ለዚያም ያገለግላል። የማስክ አገጣጠም የሚያሳይ ፊልም ይጠቅማል፤ ሐኪም ሳያዩ ግፊት ለውጡ የሚለውን ግን እንለፈው። አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ስንት ሰዓት እንደተኛን፣ ምን ያህል አየር እንደሾለከና የቀረውን የትንፋሽ መቋረጥ ቁጥር ይመዘግባሉ። ቁጥሩ በሰዓት ከ5 በታች ቢወርድ መልካም ነው፤ ካልወረደ መዝገቡን ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው።

በአገራችን ማሽኑ ብዙ ጊዜ ከውጭ በዘመድ በኩል ስለሚመጣ የሚከተሉትን እናስታውስ።

አንደኛ፣ ያገለገለ ማሽን ከተላከልን ዓይነቱንና ቁጥሩን እናጣራ። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በማሽኖቹ ውስጥ ድምፅ ለመቀነስ የተደረገው ስፖንጅ ሊበጣጠስና በአየሩ ሊገባ እንደሚችል አስታውቆ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎች እንዲመለሱ አድርጓል። ከእነዚህ አንዱ በስጦታ ስም ወደ ቤታችን እንዳይገባ።

ሁለተኛ፣ መመሪያው ላይ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፏል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆኑ ይህን ማየት ግድ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እናንት ወጣቶች ለወላጆቻችሁ እየተረጎማችሁ አንብቡላቸው።

ሦስተኛ፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ማስክ ማሽኑ ሲቆም የውጭ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አለው፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ እታፈናለሁ ብሎ መስጋት አይገባም። በባትሪ ለሚጠቀም ሰው ብዙ ኃይል የሚበላው የውኃው ማሞቂያ ስለሆነ እሱን ማጥፋት ነው። ውኃው ዲስትልድ ቢሆንና በየቀኑ ቢቀየር መልካም ነው።

አራተኛ፣ በረመዷን እንቅልፋችን ለሁለት ይከፈላል። ሰሑር በልቶ ሱብሒን ሰግዶ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ማስኩን እንደገና ያድርግ። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ወደ ንጋት ያደላል፤ የትንፋሽ መቋረጡም ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በእሱ ውስጥ ነው። ለሐጅ የሚጓዝም ማሽኑን ከሻንጣ ጋር አይስጥ፣ በእጁ ይያዘው።

ውፍረት ላለበት ሰው ክብደት መቀነስ በእጅጉ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን የመርፌ መድኃኒት ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዷል። ይህም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በሰሚ ሰሚ የሚወሰድ አይደለም።

ገና ያልተመረመረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 መሪ ጆንስ የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም ያወጡት መለኪያ አለለት። ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለው ሲቀመጡና በመሳሰሉት 8 ሁኔታዎች የማንቀላፋት ዕድሉ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ ሐኪም ማየት ይገባል። ሌሊት የሚያንኮራፋው ሰው ራሱን ስለማይሰማ ልጆች የአባታቸውን ድምፅ በስልክ ቅረጹና ለሐኪሙ አሰሙ። ለመሣቂያ ከመቅረጽ ይህ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ በየሰፈራችን ማሽኑን የለመደ ሰው ካለ ዝም አይበል። ከዒሻእ በኋላ የምትገኝ አንዲት ሰዓት የአንድን ቤተሰብ ሌሊት ትመልሳለች። ሐጂ ዛሬ ለሱብሒ የሚነሡት በአንድ ደወል ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማስክ አልገጥም ያለው አንድ ወጣት ሹፌር ቤት ሄደው «ስንት ሰዓት ቻልክ?» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋእ ያድርግላቸው። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።