የአተገባበር ታማኝነት በሕክምና ሙከራዎች

የአተገባበር ታማኝነት የሚባለው በሕክምና ሙከራ የሚፈተነው መድኃኒት፣ ሥልጠና ወይም አሠራር በዕቅዱ መሠረት ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉት፦ ባለሙያው የታቀደውን ሰጥቷል? ተሳታፊውስ የተሰጠውን ተጠቅሟል? ይህ ካልተለካ «ለውጥ አልታየም» የሚል ውጤት ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ወይ ሕክምናው አይሠራም፣ ወይ በትክክል አልተሞከረም።

በተሳታፊው በኩል

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው «ቮይስ» ሙከራ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶችን ይዞ ኤችአይቪን የሚከላከሉ የቀን ክኒኖችንና ጄልን ፈተነ። አንዳቸውም በቫይረሱ መያዝን አልቀነሱም። ሴቶቹ ሲጠየቁ ከመድኃኒቱ 90 ከመቶ ያህሉን መጠቀማቸውን ተናግረው ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው ግን ከደም ናሙናዎቻቸው በ30 ከመቶው ወይም ከዚያ ባነሰው ብቻ ነው። በኋላ በተደረጉ ቃለ መጠይቆች የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃትና «ኤችአይቪ አለባት» መባልን መስጋት በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። በኬንያና በኡጋንዳ ጥንዶች መካከል በተደረገው «ፓርትነርስ ፕረፕ» ሙከራ አብዛኞቹ ክኒኑን ስለወሰዱ፣ ከሁለቱ የክኒን ዓይነቶች አንዱ በቫይረሱ መያዝን በ67፣ ሌላው በ75 ከመቶ ቀንሷል። የቮይስ ውጤት ብቻውን ቢታይ ኖሮ ጠቃሚ መድኃኒት ሊጣል ይችል ነበር።

በባለሙያው በኩል

እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው «ቤተርበርዝ» ሙከራ በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት በ120 የጤና ተቋማት ተካሄደ። አዋላጆች የዓለም ጤና ድርጅትን የወሊድ ደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝር እንዲጠቀሙ አሠልጣኞች ለ8 ወራት እየተመላለሱ ደገፏቸው። በ2ኛው ወር ከሚጠበቁት ተግባራት 73 ከመቶ ያህሉ ይፈጸሙ ነበር፤ ድጋፍ ባላገኙት ተቋማት 42 ከመቶ። ድጋፉ ካበቃ ከ4 ወራት በኋላ ግን አፈጻጸሙ ወደ 62 ከመቶ ወረደ። የእናቶችና የሕፃናት ሞትም አልቀነሰም። አፈጻጸሙ ስለተለካ ግን የአሠራር መሻሻል ብቻውን ሞትን ለመቀነስ እንዳልበቃ ታውቋል።

የመለካት ችግር

ሰው ሲጠየቅ የሚጠበቅበትን ይመልሳል፤ ሲታይም ከወትሮው ተጠንቅቆ ይሠራል። የደም ምርመራና ተመልካች መመደብ ደግሞ ወጪ አላቸው። በሌላ በኩል ዕቅዱን ቃል በቃል መከተል ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ የማይነካው ዋና ክፍልና ሊሻሻል የሚችለው አስቀድመው መለየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ቲዲየር» መመሪያም ተመራማሪዎች የታቀደውን ብቻ ሳይሆን በተግባር የተፈጸመውንም እንዲጽፉ ይጠይቃል።