የምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ የቤተሰብ ድርሻ ምንድን ነው?

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ቤት ወጪ ወይም ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይደለም፤ ተመራማሪዎች አንድን በሽታ ለማጥናት ስለሚጠይቁት ገንዘብ ነው። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። በተለይ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ፣ እንቅስቃሴያቸው የዘገየ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካሉ ነገሩ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ በጽሑፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ይኸው ከ200 ዓመት በላይ አልፎም በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት አልተገኘም። ሊቮዶፓን የመሳሰሉት መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ የሚያንሰውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እየተኩ ምልክቶቹን ያስታግሳሉ እንጂ በሽታውን አያጠፉትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከፓርኪንሰን ጋር ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። ስለዚህ ገና ብዙ ምርምር ይቀራል፤ ምርምር ደግሞ ያለ ገንዘብ አይሄድም።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ በጀት ማስፈቀድ የዘወትር ሥራዬ ነው። አለቆች አንድን ፕሮፖዛል ሲያነቡ ምን ሊሠራ ነው፣ ስንት ይፈጃል፣ ምን ይገኝበታል ብለው ይጠይቃሉ። የምርምር ማመልከቻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተመራማሪው ጥያቄውን፣ እስካሁን የሚታወቀውን፣ የአሠራር ዘዴውን፣ ስንት ሰው እንደሚሳተፍ፣ ወጪውንና ጊዜውን ይጽፋል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ወረቀቱን በዘርፉ ያሉ ሌሎች ባለሙያዎች ይገመግሙታል። ፓርኪንሰንስ ዩኬ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በበሽታው የተያዙ ሰዎችንም በግምገማው ያሳትፋል። ስለዚህ አመልካቹ ሐሳቡን ሐኪም ላልሆነ ሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አለበት።

ታዲያ ጥያቄው ራሱ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከቤት ይመጣል። ስኮትላንዳዊቷ ነርስ ወይዘሮ ጆይ ሚልን የባለቤታቸው የሰውነት ጠረን መለወጡን ልብ ያሉት፣ ባለቤታቸው ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከመታወቁ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ሲገናኙ ያው ጠረን ሸተታቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኤድንብራ በተደረገ ገለጻ ላይ ተነሥተው ስለዚሁ ጠረን ተመራማሪውን ዶክተር ቲሎ ኩናትን ጠየቋቸው። ለጊዜው በቂ መልስ አላገኙም። በኋላ ግን ተመራማሪው ወይዘሮዋን ፈልገው አገኟቸውና አንድ ቀላል ሙከራ ተደረገ።

አሥራ ሁለት የተለበሱ ካናቴራዎች ቀረቡ፤ ስድስቱ የሕሙማን፣ ስድስቱ የጤነኞች። ወይዘሮ ጆይ የሕሙማኑን ስድስቱንም ለዩ። ከጤነኞቹም የአንዱን ካናቴራ «የሕመምተኛ ነው» አሉ። እንደ ስሕተት ተቆጠረባቸው። ከወራት በኋላ ያ ሰው ፓርኪንሰን እንዳለበት በሐኪም ተነገረው።

የምርምር ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው እንዲህ ያለ ትንሽ የሙከራ ውጤት ትልቅ ስንቅ ነው፤ «ነገሩ ቢጠና ያዋጣል» ለማለት ማስረጃ ይሆነዋል። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ፐርዲታ ባራን የተመራው ቡድን ከፓርኪንሰንስ ዩኬና ከማይክል ጄ. ፎክስ ፋውንዴሽን ድጋፍ አግኝቶ ከሰዎች ጀርባ የቆዳ ቅባት እየወሰደ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጠረኑ ጋር የተያያዙ ንጥረ ነገሮችን ለይቶ አሳተመ። በሽታውን ከቆዳ ቅባት ለመለየት የሚያስችል ምርመራ ለማግኘት የተያዘው ጥረት መነሻው ይኸው የአንዲት ሚስት ጥያቄ ነው።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። የፓርኪንሰን የዘረመል ጥናት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የሌጎስ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ንጂዴካ ኦኩባዴጆ የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ቡድን ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎችን መረጃ መርምሮ፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ በሌሎች ዘንድ እምብዛም የማይገኝ፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ ልዩነት አገኘ። ልዩነቱ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ግን የሚፈልገው ሰውና ለፍለጋው የሚመደብ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። በማመልከቻው ላይ ያልተቆጠረ ሕዝብ መድኃኒቱ ሲሠራም ላይታሰብ ይችላል።

በእኛ አገር የነርቭ ስፔሻሊስቶች ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ቤት ውስጥም መንቀጥቀጡ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለምርምር ገንዘብ የሚያመለክተው ተቋም ያለው ተመራማሪ እንጂ ቤተሰብ አይደለም። ቤተሰብ የሚያዋጣው ግን አለ።

መጀመሪያ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለምና። ቀጥሎ አንድ ደብተር ያዙ። ምልክቱ መቼ ጀመረ? በየትኛው እጅ? መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ተወሰደ፣ ለምን ያህል ጊዜ ሠራ? የማሽተት አቅም መቀነስና የሆድ ድርቀት እንቅስቃሴው ከመታወኩ ከዓመታት በፊት ሊታዩ ስለሚችሉ እነሱንም ጻፉ። ከዚያ ሐኪማችሁን «ልንሳተፍበት የምንችል ጥናት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥናት ከተገኘም መብታችሁን እወቁ። የስምምነት ቅጹ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊብራራላችሁ ይገባል፤ በፈለጋችሁ ጊዜም መውጣት ትችላላችሁ። «ምርምር ነው» እያለ ለፈውስ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ሳታዩ ኪሳችሁን አትፍቱ።

ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር የምትውሉት እናንተ ናችሁ፤ ሐኪሙ የሚያያቸው ለደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ያያችሁትን አትናቁት፤ ጻፉት፣ ጠይቁበት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!