ስለ ውፍረትና በእግር ስለ መሔድ

የሰው እግር የተሠራው ለመሔድ ነው። አባቶቻችን ለሙግትም ሆነ ለንግድ፥ ለዘመቻም ሆነ ደብር ለመሳለም ከአገር ወደ አገር ሲሔዱ ብዙውን መንገድ በእግራቸው ይጨርሱት ነበር። በቅሎ ያለውም ቢሆን ቍልቍለቱ ላይ ሲደርስ ወርዶ ይራመድ ነበር። ዛሬ ግን የኑሯችን ሁኔታ ተለውጧል። ጧት ከቤቱ ደጃፍ በአውቶሞቢል ተነሥቶ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚወርድ፥ በአሳንሰር ወደ ክፍሉ የሚወጣ፥ ወረቀት ሲመረምርና ስብሰባ ሲመራ በወንበር ላይ የሚውል፥ ማታም በዚያው አውቶሞቢል ተመልሶ እራቱን በልቶ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። የዚህ ሰው የቀን እርምጃ ቢቈጠር፥ በገጠር አንዲት እናት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ የምትራመደውን ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል።

በአገራችን ልማድ ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወዳጁን ያገኘ ሰው «ወፈርህ፥ ተስማምቶሃል» ብሎ ደስታውን ይገልጽለታል። ረኃብ በሚፈራበት ዘመን ይህ መልካም ምስጋና ነበር። ነገር ግን ልክ ያለፈ ውፍረት የደም ግፊትን፥ የስኳር በሽታን፥ የልብን ድካምና የጉልበትን ሕመም ይዞ እንደሚመጣ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ይህ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። የልኩም አለካክ የሰውየው ክብደት በኪሎ ተመዝኖ፥ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ከተባዛ በኋላ፥ ክብደቱን ለዚያ ማካፈል ነው። ውጤቱ 30 ከደረሰ ከልክ አልፏል ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን ከዚህ ወሰን ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ወፍራሙን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ሰው የሚወፍረው በሆዳምነት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የትውልድ ጠባይ፥ አንዳንድ መድኀኒት፥ የእንቅልፍ ማነስ፥ የሥራውም ዐይነት ሁሉ ድርሻ አላቸው። የምንጽፈውስ፥ ሰውነቱ እጅግ ከብዶ ለብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የኖረ ሰው እንቅስቃሴን እንዴት ይጀምር ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። በዚህ ሰው ፊት ሁለት ጠላቶች ቆመዋል፤ አንደኛው እፍረት፥ ሁለተኛው ችኮላ ነው።

ስለ እፍረት ስናገር ከራሴ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክብደቴ 118 ኪሎ ነበር። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤታችን መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ስለ ቆመ፥ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ክፍሌ በደረጃ ለመውጣት ተገደድሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቋረጠና ከደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። በዚህ ጊዜ ጡረታው የቀረበ ሽማግሌ ተላላኪያችን አንድ ክንድ ሙሉ መዝገብ ታቅፎ መጣ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝና አልፎኝ ወጣ። አልሣቀብኝም። ነገር ግን ቢሥቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በእግሬ ለመሔድ ወሰንሁ። ነገር ግን የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በሰፈሬ ውስጥ ውስጡን እሔድ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት የአንድ ግቢ ዘበኛ በባትሪው እያበራ ቀርቦ «ጌታዬ፥ ምን ጠፍቶብዎ ነው? ልፈልግልዎት» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ሳስበው ግን ነገሩ አስገረመኝ። ስበላ የሚያየኝን ሰው አላፍረውም፤ በአውቶሞቢል ተደግፌ ስሔድ የሚያየኝን አላፍረውም፤ ጤናዬን ስፈልግ የሚያየኝን ግን እንደ ሌባ እሸሸዋለሁ። በማግስቱ ጧት በፀሓይ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጠላት ችኮላ ነው። አገራችን በሩጫ ስሟ የገነነ ስለ ሆነ፥ እንቅስቃሴ ሲባል ለብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው ሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ነገር ግን ያ ድል ብዙ ልምምድ ያለበት የቀጭን ወታደር ድል ነው እንጂ ከወንበር የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ቀን ሥራ አይደለም። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ አየሯ ስስ ነውና ያልለመደውን ሰው ቶሎ ያስተነፍሰዋል።

ችኮላ የሚያደርሰውን ጕዳት ለማስረዳት ሩቅ መሔድ አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግድ የኖረ ሰው በስቅለት ዕለት ከሌላው እኩል ሲሰግድ ይውላል። በማግስቱ ቅዳሜ ከዐልጋው ለመውረድ ግድግዳ ይደግፋል፤ በትንሣኤውም ሌሊት መቆም ያቅተዋል። አዘውትሮ የሚሰግደው አባት ግን ያንኑ ያህል፥ ምናልባትም አብልጦ ሰግዶ ሳለ እንደ ወትሮው ቆሞ ያስቀድሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልማድ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ድንገት ሲሠራ ይጐዳል፤ ሕመሙም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ይበረታል። ጅማትና መገጣጠሚያ ደግሞ ከጡንቻም ይልቅ ዘግይተው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ከባድ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሮጠ እንደ ሆነ፥ በሳምንቱ ጉልበቱን አሞት «እኔስ አልተፈጠርሁበትም» ብሎ ይተወዋል። የተወውም ሰውነቱ ስለ ሰነፈ ሳይሆን አጀማመሩ ስለ ተበላሸ ነው።

እንግዲህ አጀማመሩ እንዴት ይሁን? አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሔድ ይገባል፤ ይልቁንም የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን መዝለል የለበትም። የስኳር መድኀኒት የሚወስድ፥ በተለይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፥ ጾሞ በሚውልበት ቀን በእግሩ ሲሔድ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊያዞረውና ሊጥለው ይችላልና፥ ሰዓቱንና የመድኀኒቱን ልክ ከሐኪሙ ጋራ ይወስን።

ከዚያ በኋላ ሜዳ በሆነ መንገድ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ብቻ መሔድ ነው። ይህ አይበቃም ብሎ የሚንቅ ይኖራል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባወጣው መመሪያ፥ ጥቂትም ቢሆን መንቀሳቀስ ፈጽሞ ካለመንቀሳቀስ እንደሚሻል ገልጧል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ ሲሔዱ፥ በወራት ውስጥ በሳምንት 150 ደቂቃ ወደሚለው ልክ መድረስ ይቻላል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን፥ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ጫማው ሰፊና ሶሉ ለስላሳ ይሁን። ጉልበቱ የሚያመው ሰው በዋና ወይም በቆመ ብስክሌት ሊጀምር ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ እጁን ሳይደገፍ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፥ ግድግዳም በሁለት እጁ መግፋት፥ የእግሩንና የክንዱን ጡንቻ ያጠነክርለታል።

የእርምጃው ልክ በምን ይታወቃል ቢባል፥ ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየው እየሔደ ከጓደኛው ጋራ መነጋገር የሚችል፥ ዜማ ማዜም ግን የማይችል ከሆነ ልኩ ደኅና ነው። ማዜም ከቻለ ጥቂት ይፍጠን፤ መነጋገር ካቃተው ዝግ ይበል። ደረቱን የሚያስጨንቀው፥ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዘልቅ፥ ወይም ራሱን የሚያዞረው ከሆነ ግን ወዲያው ያቁም፤ ሳይውል ሳያድርም ሐኪም ይየው።

ብዙዎች ጀምረው የሚተዉት ሚዛኑ ቶሎ ስለማይወርድላቸው ነው። እኔም ስድስት ሳምንት ሔጄ ሚዛን ላይ ብወጣ የቀነስሁት ሁለት ኪሎ ብቻ ሆነና አዘንሁ። በዚያው ሰሞን ግን ያ አሳንሰር እንደ ገና ቆመና፥ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ክፍሌ ደረስሁ። ሚዛኑ ያልነገረኝን ደረጃው ነገረኝ። ክብደትን ለመቀነስ ዋናው የምግብ ነገር ነው፤ እንጀራውን፥ ዘይቱንና ስኳሩን ሳይመጥኑ በእግር መሔድ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም። በጾም ቀንም ቢሆን ዘይት የበዛበት ወጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ያወፍራል። ነገር ግን ሚዛኑ ባይወርድም እንኳ ልብ ይጠነክራል፥ የደም ግፊት ይቀላል፥ እንቅልፍ ይሻላል። ጥቂትም ከወረደ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወፍራም ሰዎች ተመርምረው፥ አንድ ኪሎ በቀነሱ ቍጥር በየእርምጃው ጉልበታቸውን የሚጫነው ኀይል አራት ኪሎ ያህል እንደሚቀልላቸው ታውቋል።

ይህ ሁሉ በምርመራ የተገኘ እንጂ በግምት የተነገረ አይደለም። ጄረሚ ሞሪስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው የለንደንን የአውቶቡስ ሠራተኞች መርምረው ውጤቱን በ1953 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) አሳተሙ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሹፌሮች ይልቅ፥ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቈራጮች የልብ በሽታ የሚይዛቸው በጥቂቱ ሆኖ ተገኘ። በዚሁ ምርመራ፥ ደብዳቤ ለማደል በእግራቸውና በብስክሌት የሚዞሩት የፖስታ ሠራተኞች በጽሕፈት ቤት ከተቀመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ይልቅ ልባቸው ደኅና ሆኖ ታየ። እንደዚሁም በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2002 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የታተመ ጥናት አለ። ሰዎቹ ወፍራሞችና ለስኳር በሽታ የቀረቡ ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት ያህል እንዲቀንሱ የተመከሩት፥ በሽታው የሚይዛቸው ከሌሎቹ ይልቅ ከመቶ 58 እጅ አነሰ፤ መድኀኒት ከተሰጣቸውም ይልቅ ተጠቀሙ።

አሁን ቃላችንን ወደ ባለሥልጣኖችና ወደ ካህናት እናዞራለን። አንድ ሰው ተምሮ፥ ልምድ አካብቶ፥ ለአገሩ በሚጠቅምበት ዕድሜ ሳለ በወንበሩ ላይ ሲወድቅ፥ የሚጐዱት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ዘመን የፈጀ ዕውቀትም አብሮት ይቀበራል። ወፍራሙን ሰው በቤቱ የሚያስቀምጠው እፍረት ደግሞ ከሕዝብ ዐይን የመጣ ነው። የሕዝብን ዐይን ማስተካከል የሚችሉት ሕዝብ የሚመለከታቸው ሰዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ከአውቶሞቢሉ ቀደም ብሎ ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ሲመጣ የታየ እንደ ሆነ፥ ከበታቹ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ለመሔድ ፈቃድ ያገኘ ያህል ነው። የደረጃው በር ተቈልፎ የዕቃ ማከማቻ እንዳይሆን፥ መብራቱም እንዲበራ ማዘዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ሰዎች የሚመክሩበትን ጕዳይ በግቢው ውስጥ እየተራመዱ መጨረስ ይቻላል። በ2011 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ከአውቶሞቢል ነጻ ሆነው ለእግረኛ በተከፈቱ ጊዜ፥ ሽማግሌና ሕፃን በአንድነት ሲሔዱ ታይቷል። ቦታ ሲሰጠው ሰው እንደሚሔድ ይህ ምስክር ነው።

ካህናቱም በበኩላቸው ለንስሓ ልጆቻቸው፥ በወንድማቸው ሰውነት ላይ መሣቅ ነውር መሆኑን፥ ጤናን መጠበቅም ክብርን የማያጐድል መሆኑን ቢያስተምሩ ቃላቸው ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማል። ከእነርሱም መካከል ሰውነቱ የከበደው አባት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጧት ጧት በመቋሚያው እየተደገፈ ቢሔድ፥ የሚያየው ሰው ቢበዛ አብሮት ይሔዳል እንጂ አይነቅፈውም።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሔዳል» ብለዋል። ዕንቍላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ የከበደ ሰውነትም ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህን ያነበበ ወንድማችን አዲስ ልብስና አዲስ ዓመት አይጠብቅ። ነገ ጧት ከመሥሪያ ቤቱ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሹፌሩን «እዚህ ላይ አቁምልኝ» ይበለውና ይውረድ።